የመዋኛ ገንዳው ውሃ ሲለቀቅ ወዴት ይሄዳል?

ገንዳ ሲሞላ ሁሉም ሰው ያያል። ሲጎድል ግን ማን ያያል?

እስቲ አንድ ገንዳ እናስብ። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ስፋቱ 12 ሜትር ከግማሽ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.6 ሜትር ነው። ቁጥሮቹን አባዟቸው፤ 500 ሜትር ኩብ ይመጣል። ግማሽ ሚሊዮን ሊትር ማለት ነው። በቢጫዋ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን እንቅዳው ብንል 25,000 ጄሪካን ይሞላል። አንድ ቀን ገንዳው መታጠብ ወይም መጠገን ይኖርበትና መውረጃው ይከፈታል። ውሃው እየተሽከረከረ ይወርዳል፣ በመጨረሻ ባዶ ሰማያዊ ወለል ይቀራል። ያ ሁሉ ውሃ የት ገባ?

«ንጹሕ ውሃ አይደል እንዴ? የትም ቢሄድ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ንጹሕ ነው። ግን ንጹሕ የሆነው ለእኛ ነው። እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ያው ነገር ወንዝ ውስጥ ሲገባ ዓሣ ይገድላል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ኬሚስትሪ ብቻውን አይበቃንም፤ የመዋኛ ገንዳን ታሪክ ከጅምሩ ማየት አለብን። ታሪኩ ሰው ቆሻሻን ከራሱ ገንዳ አውጥቶ ወደ ሌላ ሰው ውሃ ሲያሻግር የኖረበት ታሪክ ነው። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከክሎሪን በፊት

ዛሬ ፓኪስታን በምንለው አገር፣ በኢንደስ ወንዝ አጠገብ፣ ሞሄንጆ ዳሮ የምትባል ጥንታዊ ከተማ ፍርስራሽ አለ። እዚያ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቆፍረው ያወጡት ገንዳ 4,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። ርዝመቱ 12 ሜትር፣ ስፋቱ 7 ሜትር፣ ጥልቀቱ ደግሞ 2.4 ሜትር ያህል ነው። ጡቦቹ ጥብቅ ተደርገው ተደርድረዋል፤ ውሃ እንዳያሰርግም ሬንጅ ተቀብቷል። ለእኛ ታሪክ ዋናው ነገር ግን ጥግ ላይ ያለችው ቀዳዳ ናት። ግንበኞቹ ገንዳውን ሲሠሩ ውሃው የሚወጣበትን መንገድም አብረው ሠርተዋል፤ ከቀዳዳዋ ቀጥሎ በጡብ የተሠራ ትልቅ የመውረጃ ቦይ አለ። ያኔም ቢሆን ገንዳ ያለ መውረጃ እንደማይሆን ይታወቅ ነበር።

ሮማውያን ነገሩን በጣም አስፋፉት። በ216 ሮም ውስጥ የተከፈተው የካራካላ መታጠቢያ ቤት ራሱ እንደ አንድ ሰፈር ነበር። ውሃው ከሩቅ ተራሮች በቦይ ይመጣ ነበር። በከተማዋ የነበረው ትልቁ የፍሳሽ ቦይ፣ ክሎአካ ማክሲማ፣ የሚያበቃው ቲበር ወንዝ ላይ ነው። የሮም ሰው ታጥቦ፣ ዘይቱንና ላቡን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቆሻሻው ደግሞ ወደ ወንዙ።

አሁን ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ እንዝለል። ፋብሪካዎች በዝተዋል፣ ከተሞች ተጨናንቀዋል፣ ኮሌራ ገብቷል። በ1842 ሊቨርፑል ከተማ ውስጥ ለድሆች የሚሆን የሕዝብ ልብስ ማጠቢያና መታጠቢያ ቤት ተከፈተ። ከዚያ በፊት ኪቲ ዊልኪንሰን የምትባል የዚያው ከተማ ሴት፣ በኮሌራው ጊዜ የታማሚ ጎረቤቶቿን ልብስ በቤቷ እንዲታጠብ በመፍቀዷ ስሟ ይታወቅ ነበር። በ1846 ፓርላማው ከተሞች እንዲህ ያሉ ቤቶችን በሕዝብ ገንዘብ እንዲሠሩ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። የመዋኛ ገንዳዎችም አብረው ተስፋፉ።

እነዚያ ገንዳዎች ማጣሪያም መድኃኒትም አልነበራቸውም። አሠራራቸው ቀላል ነው፤ መሙላት፣ ጥቂት ቀን መዋኘት፣ መድፋት። ንጹሕ ውሃ በተሞላበት ቀን መግቢያው ውድ ይሆናል። ቀኑ እየገፋ ውሃው እየደፈረሰ ሲሄድ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። ኪሱ የሳሳ ሰው ሌሎች ሲዋኙበት የከረሙትን ውሃ ጠብቆ ይገባል ማለት ነው። አንዳንድ ቦታማ የአንደኛ ማዕረግ ገንዳ ውሃ ሲቆሽሽ ወደ ሁለተኛ ማዕረግ ገንዳ ይዛወር ነበር።

በመጨረሻ መውረጃው ሲከፈት የሚወጣው ውሃ ላብ፣ ሳሙና፣ አፈርና ባክቴሪያ የተቀላቀለበት ነው። ወንዙ ይህን ይጠላዋል፣ ግን ያውቀዋል። ውሃው ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕያዋን ቀስ እያሉ እንዲህ ያለውን ቆሻሻ ሊያብላሉት ይችላሉ። ቀጥሎ የመጣው ነገር ግን እነዚያኑ ጥቃቅን ሕያዋን የሚገድል ነበር።

በረኪና ከጨርቅ ቤት እስከ ቧንቧ

ክሎሪንን መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ስዊድን ይኖር የነበረው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼለ ነው፤ ጊዜው 1774። በ1810 እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ይህ ጋዝ ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳወቀና ስም አወጣለት። ስሙን የወሰደው ብጫ የገባበት አረንጓዴ ቀለምን ከሚገልጽ የግሪክ ቃል ነው፤ የጋዙ መልክ እንደዚያ ስለሆነ።

የክሎሪን የመጀመሪያ ሥራ ግን ጨርቅ ማንጣት ነበር። በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ክሎድ ሉዊ በርቶሌ ክሎሪን ጨርቅ እንደሚያነጣ አሳየ። በ1799 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ቻርልስ ቴናንት የማንጫ ዱቄት ለመሥራት የፈጠራ መብት አወጣ። ድሮ ሸማ ለማንጣት ሳምንታት ሙሉ ፀሐይ ላይ መዘርጋት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ሰዓታት በቂ ሆኑ። እኛ ቤት ውስጥ «በረኪና» የምንለው የዚህ ዘር ነው። ቃሉም ከጣልያንኛ የመጣ ነው።

የጨርቅና የወረቀት ፋብሪካዎች ግን ቶሎ አንድ ችግር ገጠማቸው። ካነጡ በኋላ ትንሽ ክሎሪን ጨርቁ ውስጥ ከቀረ እያደር ይበላዋል። ስለዚህ የቀረውን ክሎሪን የሚያጠፋ ኬሚካል ፈለጉ። ካገኟቸው መካከል አንዱ ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው። ይህንኑ ጨው ከ1839 ጀምሮ ፎቶ አንሺዎች ምስል እንዳይጠፋ ለማጽናት ይጠቀሙበት ነበር። ይህን ስም ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን። ለጊዜው አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ ክሎሪንን እንዴት ማጥፋት እንደሚቻል ሰው ያወቀው ክሎሪን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ከመግባቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ነው።

ከዚያ የታይፎይድ ዘመን መጣ። በ1897 ሜይድስተን በተባለች የእንግሊዝ ከተማ ታይፎይድ በመጠጥ ውሃ ተዛመተና ብዙ ሰው ታመመ። የጤና ባለሙያዎች የከተማዋን የውሃ ቧንቧዎች በማንጫ ዱቄት መፍትሔ አጠቡ። በ1908 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሙ ጆን ሊልና መሐንዲሱ ጆርጅ ፉለር ለጀርሲ ሲቲ ከተማ በሚሄደው የመጠጥ ውሃ ላይ ያለማቋረጥ ክሎሪን የሚጨምር ጣቢያ አቋቋሙ። ዶክተር ሊል ሥራውን የጀመሩት የከተማውን ፈቃድ ሳይጠብቁ ነበር፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ቀረበ። የሰው መጠጥ ውስጥ መርዝ ይጨመራል ወይ ነው ክርክሩ። በመጨረሻ ፍርዱ ለዶክተር ሊል አደላ፤ በጥቂት ዓመታትም ሌሎች ከተሞች ተከተሉ። ታይፎይድ በእነዚያ ከተሞች በፍጥነት ቀነሰ። ክሎሪን በታሪክ ብዙ ሕይወት ካተረፉ ኬሚካሎች አንዱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ገንዳም ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1910 ገደማ አሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት ውስጥ ባለው ብራውን ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ተመራማሪ ተማሪ የግቢውን ገንዳ ውሃ በክሎሪን ማከም ሞከረ፤ ባክቴሪያዎቹ አለቁ። ማጣሪያና ማዘዋወሪያ ፓምፕ ሲጨመርበት ደግሞ የገንዳ ሕይወት ፈጽሞ ተለወጠ። በየሳምንቱ መድፋት ቀረ። ያው ውሃ እየተጣራና እየታከመ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያል። ይህ ትልቅ የውሃ ቁጠባ ነው። ግን ሂሳቡ ሌላ ጎን አለው። አሁን ገንዳው ሲለቀቅ የሚወጣው በጥንቱ ዓይነት የቆሸሸ ውሃ አይደለም፤ ሕይወት ያለውን ነገር ሁሉ እንዲገድል ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ውሃ ነው።

ክሎሪን ምን ያህል ክፉ ሊሆን እንደሚችል ዓለም ያየው ብዙም ሳይቆይ ነው። ኤፕሪል 22 ቀን 1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የጀርመን ጦር ቤልጂየም ውስጥ ኢፐር አጠገብ የክሎሪን ጋዝ ለቀቀ። ወታደሮች መተንፈስ አቅቷቸው ወደቁ። መከላከያው ምን ሆነ መሰላችሁ? በሶዲየም ታዮሰልፌት መፍትሔ የተነከረ ጨርቅ አፍና አፍንጫ ላይ ማሰር! ያው የጨርቅ ፋብሪካውና የፎቶ አንሺው ጨው።

ዓሣው የሚያገኘው ውሃ

እኛ ገንዳ ውስጥ ስንዋኝ የምንተነፍሰው አየር ነው። ውሃውን ብንውጠው እንኳ ሆዳችን ውስጥ ያለው ምግብና አሲድ ትንሿን ክሎሪን ወዲያው ያጠፋታል። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው ራሱን ውሃውን ነው። ከጭንቅላቱ ጎንና ጎን ያሉት ስንጥቦች በጣም ስስ ናቸው፤ ኦክስጂን ከውሃ ወደ ደም የሚያልፈው በእነሱ በኩል ነው። ክሎሪን ያንን ስስ ሽፋን ያቃጥለዋል። ክሎሪን ከሽንትና ከላብ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ክሎራሚን ደግሞ በስንጥቡ አልፎ ደም ውስጥ ይገባና ሄሞግሎቢንን ኦክስጂን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ዓሣው ውሃ ውስጥ ሆኖ ይታፈናል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣናት መዋኛ ገንዳ ውስጥ በሊትር ቢያንስ 1 ሚሊግራም ነፃ ክሎሪን እንዲኖር ይመክራሉ። የዚያው አገር የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በ1980ዎቹ አጋማሽ ባወጣው መለኪያ ደግሞ፣ በወንዝና በሐይቅ ያሉ እንስሳት ለአጭር ጊዜ ሊቋቋሙት የሚችሉት ጣሪያ በሊትር 0.019 ሚሊግራም ነው። ለረጅም ጊዜ ከሆነ 0.011 ብቻ። እንግዲህ ለእኛ ትንሹ የሚባለው መጠን ለዓሣ ከጣሪያው ከ50 እጥፍ በላይ ነው።

ወደ መነሻችን ገንዳ እንመለስ። 500 ሜትር ኩብ ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም ክሎሪን ቢኖረው፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ክሎሪን በጠቅላላው 1 ኪሎ ነው። አንዲት ኪሎ! ግን ያቺን ኪሎ 0.019 እስክትደርስ በማቅጠን ብቻ እንወጣት ብንል ከ52,000 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያስፈልገናል፤ ከመቶ ገንዳ በላይ። በክረምት የሞላ ወንዝ ይህን ይችለው ይሆናል። በበጋ ቁርጭምጭሚት የማይሸፍን ጅረት ግን ከየት ያመጣዋል?

ሁለቱ ቱቦዎች

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ከተማ ውስጥ ከመሬት በታች የሚሄዱት መስመሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከመጸዳጃና ከማድ ቤት የሚወጣውን ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ የሚወስደው ነው። ሁለተኛው የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው፤ መንገድ ዳር የምናየው፣ በተለምዶ «ዲች» የምንለው። ይሄኛው ብዙውን ጊዜ መሐል ላይ ምንም ማጣሪያ የለውም፤ በቀጥታ ወንዝ ይገባል። ገንዳ መንገድ ላይ ሲደፋ ውሃው የሚያገኘው ይህንን ሁለተኛውን ነው።

ይህ ልዩነት ሕግ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1969 አሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ የኩያሆጋ ወንዝ በላዩ ላይ በነበረው ዘይትና ቆሻሻ ምክንያት በእሳት ተያያዘ። ወንዝ ነደደ! እንዲህ ያሉ ክስተቶች የሕዝብ ቁጣ ካነሣሡ በኋላ በ1972 የንጹሕ ውሃ ሕግ ወጣ። መጀመሪያ ትኩረቱ ትልልቅ ፋብሪካዎች ላይ ነበር። በ1990 የዝናብ መውረጃዎችን የሚመለከት ደንብ ሲወጣ ግን የመዋኛ ገንዳ ውሃም በስም ተጠቀሰ። ወደ ዝናብ መውረጃ ሊገቡ ይችላሉ ተብለው ከተዘረዘሩት መካከል ክሎሪኑ የወጣለት የገንዳ ውሃ አንዱ ነው። «ክሎሪኑ የወጣለት» የምትለዋን ቃል አስተውሉ፤ ሙሉው ነገር ያለው እሷ ውስጥ ነው። እዚያም ቢሆን ብዙ ከተሞች ከዚያ አልፈው የራሳቸውን ጥብቅ ደንብ አውጥተዋል።

ከፍልውሃ እስከ አዋሽ

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ ወደ አዲስ አበባ እንምጣ። ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በመታጠቢያ ውሃ ምክንያት ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ በፍልውሃው ዙሪያ ቤት ተሠራ፣ ከዚያ ከተማ ሆነ። ዛሬም ፍልውሃ ሰው ይታጠባል፤ በከተማው ሆቴሎችም የዋና ገንዳዎች አሉ።

በዚያ አካባቢ የሚወርደው የባንተ ይቀጡ ወንዝ ቀበናን ይቀላቀላል። ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው። አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይህ ማለት እላይ የጣልነው ነገር ሄዶ ሄዶ ባሕር ውስጥ አይጠፋም፤ የሚጓዘው እኛው አገር ውስጥ ነው። በመንገዱ ላይ አቃቂ ዳር አትክልት የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ፣ ከብት የሚያጠጡ እረኞች አሉ፣ ከታች ደግሞ አርብቶ አደሮች አሉ።

እውነቱን ለመናገር የአዲስ አበባን ወንዞች ያበላሻቸው የመዋኛ ገንዳ አይደለም። የመጸዳጃ ፍሳሽ፣ የፋብሪካ ዝቃጭና ደረቅ ቆሻሻ ከእሱ ይልቅ እጅግ ይከብዳሉ። «ታዲያ ስለ ገንዳ ማውራት ምን ይጠቅማል?» ያላችሁ እንደሆነ መልሱ ይህ ነው፤ የገንዳው ችግር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ፋብሪካ ማጣሪያ ለመትከል ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ገንዳ የሚፈልገው ጥቂት ቀን ትዕግሥት ነው። ቀላሉን ካላስተካከልን ከባዱን መቼ እናስተካክላለን? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም አካባቢን መበከልን ሲከለክል ብክለቱ ከፋብሪካ ብቻ ነው አላለም።

እንዴት ይለቀቅ?

አሁን የያዛችሁልኝን ስም እናንሣ። ክሎሪንን ለማውጣት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ነፃ ነው፤ ፀሐይ። ክሎሪን መጨመር ይቆምና ገንዳው ክፍት ሆኖ ይተዋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ነፃ ክሎሪንን ያፈርሰዋል፤ ማረጋጊያ ያልተጨመረበት ውሃ ላይ በሰዓታት ውስጥ አብዛኛው ይጠፋል። ሲያኑሪክ አሲድ የሚባለው ማረጋጊያ ካለበት፣ ወይም ክሎራሚኑ ከበዛ፣ አንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛው መንገድ ለሚቸኩል ነው፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት። የቤት ውስጥ ዓሣ የሚያሳድጉ ሰዎች የቧንቧ ውሃ ከመጨመራቸው በፊት የሚያንጠባጥቡት መድኃኒት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ቀጥሎ መለካት ነው። የገንዳ ባለሙያዎች ክሎሪኑንም ፒኤቹንም የሚለኩበት ቀላል መሣሪያ አላቸው። ብዙ ከተሞች የሚጠይቁት ክሎሪኑ በሊትር ከ0.1 ሚሊግራም በታች፣ በመለኪያው ጨርሶ የማይታይ እንዲሆን ነው። ከዚያ ውሃው ቀስ ተብሎ ሣር ወይም አፈር ላይ ይለቀቃል፤ አፈሩ እያጣራ ይመጠዋል፣ የተረፈችውንም ክሎሪን ያጠፋታል። ቦታ ከሌለ፣ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሲፈቅድ፣ ወደ ፍሳሽ መስመሩ እንጂ ወደ ዲቹ አይደለም። በአንዴ መክፈትም አይገባም፤ ግማሽ ሚሊዮን ሊትር በአንዴ ሲወርድ ውሃው ንጹሕም ቢሆን አፈር ይሸረሽራል።

ፀሐይ ሁሉን አታድንም ግን። የጨው ገንዳ ከሆነ ጨው አይተንም፤ ሣሩንም ያደርቃል፣ ወንዙንም ይጎዳል። አልጌ ለማጥፋት መዳብ ተጨምሮበት ከሆነ መዳቡ እዚያው ይቀራል፤ ለዓሣ እሱም መርዝ ነው። ማጣሪያው ሲታጠብ የሚወጣው ጭቃማ ውሃም ወደ ዲች መሄድ የለበትም። እንዲህ ያለው ሁሉ ቦታው የፍሳሽ መስመሩ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ ኬሚካሎቹን ራሳችሁ አትንኩ፣ ለሠለጠነ ሰው ተዉት። በተለይ በረኪናን ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አታቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ያው በ1915 ኢፐር ላይ የተለቀቀው ነው።

የእናንተ ድርሻ ሌላ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ትምህርት ቤት፣ ሆቴል ወይም ጂም ውስጥ ባዶ ገንዳ ስታዩ ጠባቂውን «ጋሼ፣ ውሃው የት ሄደ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት እሱንም ማንም ጠይቆት አያውቅም። ሞሄንጆ ዳሮ ላይ መውረጃዋን የሠሩት ግንበኞች ውሃው መውጣት እንዳለበት አስበው ነበር። ከወጣ በኋላ ማን ጋ እንደሚደርስ ማሰቡ ግን ለእኛ ቀርቶልናል።